ቁጥሩ ትንሽ፣ ድካሙ ብዙ የሆነው ለምንድን ነው?

ጥያቄው

«ዶክተር፣ ባለቤቴ 47 ዓመቱ ነው። ላገሃር አካባቢ ቢሮ ይሠራል፤ የምንኖረው ልደታ፣ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ካምና ጀምሮ ግፊት አለብህ ተብሎ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባል ኪኒን ማታ ማታ ይወስዳል። በቅርቡ አጠቃላይ ምርመራ ሲያደርግ ወገቡ 108 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 92 ኪሎ፣ ግፊቱ 138/88፣ በባዶ ሆድ ስኳሩ 109፣ ትራይግሊሰራይድ 210፣ ኤችዲኤል 36 ሆነ። ‹ሜታቦሊክ ሲንድሮም ነው፤ ገና በሽታ አይደለም፤ ክብደት ቀንስ› ብለው ላኩት። ቁጥሩ ይህን ያህል ካልከፋ ሰውየው ለምን እንዲህ ሆነ? ሁልጊዜ ይደክመዋል፣ ያንኮራፋል፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ደረጃ ሲወጣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይቆምና ስልክ የሚያወራ ይመስላል፤ ማንም አልደወለለትም። ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ፒያሳ መውጣትም ትቷል። ዕድሜው ነው ወይስ በሽታው?»

ምላሽ

እህቴ፣ ከላኩልኝ ቁጥሮች ሁሉ ይልቅ ቀልቤን የያዘው ያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚወራው ስልክ ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ መሀል አዲስ አበባ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ላብራቶሪ ወረቀት ላይ ተጽፎ አይቼ አላውቅም። ታካሚውም ራሱ አይነግረኝም። የሚነግረኝ ሚስት ወይ ልጅ ነው፣ እሱም በር ላይ ልንሰነባበት ስንል።

ዕድሜ አይደለም። 47 ዓመት ሁለት ፎቅ ወጥተው ትንፋሽ የሚሰበስቡበት ዕድሜ አይደለም። በሽታው ነው ወይ ለሚለው ደግሞ መልሴ ትንሽ ጠምዘዝ ያለ ነው። ቁጥሮቹ ራሳቸው አያሙም። 109 የሆነ ስኳር ማንንም አያደክምም፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ 210 ስለሆነ የሚሰማው ነገር ያለ ሰው የለም፣ 138/88 የሆነ ግፊትም አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የለውም። የባለቤትዎን ኑሮ እየበሉት ያሉት ከእነዚህ ቁጥሮች ጎን ተጎራብተው የሚኖሩና ማንም ያልለካቸው ነገሮች ናቸው ብዬ እገምታለሁ፤ አንደኛው ተጠርጣሪዬ ደግሞ እንቅልፋቸው ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ደረጃ ላይ መቆም የልብም ምልክት ሊሆን ይችላል። ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ ወይ ወደ መንጋጭላ የሚሄድ ስሜት ካለ፣ ወይም ላብ ላብ ካላቸው ይህን ጽሑፍ አንብበው እስኪጨርሱም አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። ምንም ሕመም ባይኖርም ኢሲጂ የሚባለው የልብ ምርመራ እስካሁን ካልተነሣ ይነሣ። በሚቀጥለው ቀጠሮ «ደረጃ ላይ ይቆማል» የሚለውን ቃል እርስዎ ራስዎ ይበሉት፤ እሳቸው አይሉትም።

ስሙን ላብራራው። ሜታቦሊክ ሲንድሮም ብቻውን የቆመ አንድ በሽታ ሳይሆን የአምስት ነገሮች ማኅበር ነው። ከአምስቱ ሦስቱ የተገኙበት ሰው ስሙ ይሰጠዋል። የወገብ ዙሪያ አንዱ ነው፤ ለእኛ ለአፍሪካውያን የራሳችን ልክ በጥናት እስኪወጣ በአውሮፓውያኑ ልክ፣ ወንድ 94 ሴት 80 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ይቆጠራል። ትራይግሊሰራይድ 150ና ከዚያ በላይ፣ ኤችዲኤል የሚባለው በጎው ኮሌስትሮል ለወንድ ከ40 ለሴት ከ50 በታች፣ ግፊት የላይኛው 130 ወይም የታችኛው 85ና ከዚያ በላይ፣ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 100ና ከዚያ በላይ። በመድኃኒት የተስተካከለ ቁጥርም እንዳለ ይቆጠራል። ባለቤትዎ አምስቱንም አሟልተዋል።

ወገብ ሲለካ ብዙ ሰው ይታለላል። «ሱሪዬ ድሮም 36 ዛሬም 36 ነው» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እውነቱን ነው፤ ቀበቶው ከቦርጩ ሥር ገብቶ ዳሌው ላይ ስለሚታሰር ቁጥሩ አልተለወጠም። 36 ኢንች 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሜትሩን በትክክለኛው ቦታ ስናደርገው 108 ይላል። ትክክለኛው ቦታ ከመጨረሻዋ የጎድን አጥንት ሥርና ከዳሌ አጥንት አናት መካከል ነው። ሸሚዝ ይገለጥ፣ ትንፋሽ በዝግታ ይውጣ፣ ሆድ አይሳብ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፤ ከሁሉም የጤና መሣሪያ ርካሹ እሱ ነው።

እነዚህ አምስቱ ለምን አብረው ይሄዳሉ? እ.ኤ.አ. በ1988 ጄራልድ ሪቨን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ነገሩን «ሲንድሮም ኤክስ» ብለው ሲሰይሙት ሥሩ የኢንሱሊን መለገም ነው አሉ። ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለ ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ጉበት እንዲገባ በር የሚያንኳኳ መልእክተኛ ነው። ሆድ ዕቃ መካከል የተከማቸ ስብ ሲበዛ ቤቶቹ ማንኳኳቱን መስማት ይተዋሉ። ቆሽት ተጨማሪ መልእክተኛ ይልካል፣ በሩ በግድ ይከፈታል፣ ስኳሩም ለጊዜው «ደህና» ይመስላል፤ የተጨናነቀው ጉበት ግን ስብ እየፈበረከ ወደ ደም ይለቃል፣ ኩላሊት ጨው ይይዛል፣ የደም ሥር ይጠነክራል። የሚገርመው ሪቨን ቦርጭን ራሱን ከዝርዝራቸው ውስጥ አላስገቡትም ነበር፤ የገባው በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካና የአውሮፓ የስኳር ሕክምና ማኅበራት «ይህ ስም ምን ይጠቅማል? እያንዳንዱን ለየብቻ ብናክመው ምን ይጎድላል?» ብለው ተከራክረውበታል። ክርክሩ ይገባኛል። እኔ ስሙን የማልጥለው፣ አንዱን ያየ ሐኪም ጎረቤቶቹን እንዲፈልግ ስለሚያስገድድ ነው። «ገና በሽታ አይደለም» የሚለው አባባል ግን አይጥመኝም። ይህ ስብስብ ያለበት ሰው ስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው አምስት እጥፍ ገደማ፣ የልብና የደም ሥር በሽታ ዕድሉ ደግሞ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። «ገና» የሚለው ቃል ለታካሚ ጆሮ «ተወው» ይመስላል።

አሁን ወደ እንቅልፉ። «ያንኮራፋል» ብለው በአንድ ቃል አልፈውታል። እኔ የምፈልገው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አንድ ሌሊት ንቁና ያድምጡ። ማንኮራፋቱ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ ድንገት ዝም ይላል? ዝምታው አሥር ሰከንድ፣ ሃያ ሰከንድ ቆይቶ እንደ መታነቅ ባለ ድምፅ ትንፋሹ ይመለሳል? እንዲህ ከሆነ ሰላማዊ ማንኮራፋት አይደለም፤ በእንቅልፍ ሰዓት የትንፋሽ መቆራረጥ ነው። አንገትና ምላስ ዙሪያ ስብ ሲከማች፣ ጡንቻው በእንቅልፍ ሲላላ የአየር መንገዱ ይዘጋል። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ አእምሮ ደንግጦ ለቅጽበት ይነቃል፣ ልብ በኃይል ይመታል፣ ግፊት ያሻቅባል፣ ከዚያ እንደገና እንቅልፍ። ይህ በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ ተኚው አንዱንም አያስታውስም። ጠዋት «ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ» ይላል፣ ግን ራሱን ያመዋል፣ አፉ ደርቋል፣ ከምሳ በኋላ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ ዓይኑ ይከደናል። ለሽንት ደጋግሞ መነሣትም ከዚሁ ሊመጣ ይችላል። ቁጡነቱም እንዲሁ፤ ያልተኛ ሰው ትዕግሥት ከየት ያመጣል?

ይባስ ብሎ የተቆራረጠ እንቅልፍ ኢንሱሊኑን የበለጠ ያለግማል፣ ግፊቱን ይጨምራል፣ ረሃብ ያመጣል። ቦርጭ እንቅልፍን ያበላሻል፣ የተበላሸ እንቅልፍ ቦርጭን ያሳድጋል። ከየትኛው ጫፍ እንጀምር ሲሉኝ እኔ ሁልጊዜ ከእንቅልፉ ነው፤ ምክንያቱም ያልተኛን ሰው «ጠዋት ተነሥተህ ሩጥ» ማለት ጭካኔ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ታካሚ ነበረኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ እየተመላለሰ ግፊቱን 128/80 አድርሼለት «በጣም ጥሩ፣ በዚሁ ቀጥል» እያልኩ እሸኘው ነበር። አንድ ቀን ረዳቱን ይዞ መጣ። ልጁ በር ላይ ቆሞ አንገቱን እያከከ፣ «ዶክተር፣ ጋሼ መብራት ሲይዘን ይተኛል። ትከሻውን ነካ አድርጌ የምቀሰቅሰው እኔ ነኝ» አለኝ። ሦስት ዓመት! መኪና ሙሉ ሰው ጭኖ። ስለ እንቅልፉ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር፤ ፋይሉ ላይ ያለው ሁሉ ቁጥር ነው።

ሌላው ደረጃው ነው። ቦርጭ ሳንባ የሚሠራበትን ቦታ ከታች ወደ ላይ ይገፋል፤ ሰውየው ሙሉ ትንፋሽ ሳይስብ ነው የሚወጣው። ጉልበትም አለ። የጉልበት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት ከሰውነት የቀነሰ አንድ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚያነሣ ታይቷል። ስድስት ኪሎ ቢቀንሱ ጉልበታቸው ላይ የሩብ ኩንታል ጤፍ ያህል ሸክም ወረደ ማለት ነው። ጎንበስ ማለትም እንዲሁ ፈተና ይሆናል። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጫማውን የት እንደሚያስር የነገረኝን አልረሳውም፦ «ቤት ክሩን ሳላስር እወጣለሁ። ታች ሊስትሮው ጋ እግሬን ሳጥኑ ላይ ሳወጣ እዚያው አስረዋለሁ። ባይቆሽሽም አስጠርጋለሁ።» ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራው ለካ ለዚህ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አይደሉም፤ ድካማቸውን የሚደብቁበት ዘዴ ፈልገው ያገኙ ብልሆች ናቸው። የባለቤትዎ ስልክም እንደዚያው ነው።

ስለ ስሜታቸው። «በትንሽ በትልቁ ይቆጣል» ያሉት ከእንቅልፍ ብቻ ላይሆን ይችላል። ድብርት ከዚህ ስብስብ ጋር ሁለት መንገድ ያለው ግንኙነት አለው፤ የተደበረ ሰው ይወፍራል፣ የወፈረና የደከመ ሰው ይደበራል። የእኛ ወንዶች ደግሞ «አዝኛለሁ» አይሉም፤ ይቆጣሉ፣ ይርቃሉ፣ ቅዳሜን ይተዋሉ። በረጋ ሰዓት ሁለት ነገር ይጠይቋቸው፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ድሮ የሚያስደስታቸው ነገር አልጥም ብሏቸዋል? ተስፋ የመቁረጥ ወይ የመከፋት ስሜት ነበራቸው? ለአንዱም ቢሆን «ብዙ ቀን» ካሉ ለሐኪሙ ይነገር። የሚታከም ነገር ነው።

እርስዎ ያልጻፉት፣ እኔ ግን ዝም የማልለው የመኝታ ጉዳይም አለ። ስንፈተ ወሲብ በዚህ ስብስብ ውስጥ ካሉ ወንዶች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች መጎዳታቸውን ቀድሞ የሚናገር ምልክትም ነው። ብዙ ወንድ ሚስቱን የሚሸሸው ጠልቷት ሳይሆን አፍሮ ነው። ከመድኃኒት ቤት በስውር የሚገዛ ኪኒን ግን አይሞከር፤ በተለይ የደረት ሕመም መድኃኒት ከሚወሰድ ጋር ሲገጣጠም ግፊትን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ያወርዳል።

የጉበት ስብ የሚባለውም አብሮ ሊኖር ይችላል፤ አልትራሳውንድ ያሳየዋል፣ ሕክምናውም ከታች ከምለው የተለየ አይደለም።

ኪኒኑን ደግሞ እንየው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት እያስወጣ ግፊት የሚቀንስ ነው። ማታ ሲወሰድ ሌሊት ያስነሣል። ከላይ በነገርኩዎት በተቆራረጠው እንቅልፍ ላይ ሌላ መቆራረጥ እየጨመርን ነው። ጠዋት ይወሰድ ቢባል ደግሞ ታካሚዎቼ «ከልደታ መገናኛ ሰልፍና መንገድ ተዘጋግቶ፣ ሽንት ቤት የት አለ?» ይሉኛል፤ ትክክል ናቸው፣ ስንቱ በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን ሳይናገር አቋርጧል። ላገሃር ቢሮ ገብተው መጸዳጃው ቅርብ ሲሆን መውሰድ አንድ መላ ነው። ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰው ስኳርን በጥቂቱ ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ከባለቤትዎ ሁኔታ ጋር ይስማማ እንደሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። በሌላ ቢቀየርም የጎንዮሽ ጉዳዩን አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው፤ ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ደረቅ ሳል ያመጣል፣ ሰዉ «ብርድ መታኝ» ብሎ ዝንጅብል ሲጠጣ ይከርማል፤ አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል፣ «ኩላሊቴ ሄደ» ያሰኛል። በራሳችሁ ግን ምንም እንዳታቋርጡ።

የበሽታን ስም መስማት ራሱም ያማል። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት በካናዳ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ተሠርቶ ነበር። ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው በኋላ ከሥራ የሚቀሩበት ቀን ጨመረ፤ ግፊቱ ግን ከመነገሩ በፊትም እዚያው ነበር። ባለቤትዎ ፒያሳን የተዉት ከምርመራው በፊት ይሁን በኋላ አልጻፉልኝም። በኋላ ከሆነ ፍርሃትም አለበት ማለት ነው።

ተመራማሪዎች «የኑሮ ጥራት» የሚሉትን ነገር በመጠይቅ ይለካሉ። አንዱ ሠላሳ ስድስት ጥያቄ አለው፤ ሌላው አምስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ መንቀሳቀስ፣ ራስን መንከባከብ፣ የዕለት ሥራ፣ ሕመም፣ ጭንቀትና ድብርት። በብዙ አገር ሲለካ ሜታቦሊክ ሲንድሮም ያለባቸው ሰዎች ውጤት ዝቅ ይላል፣ በተለይ በአካል እንቅስቃሴው በኩል። ከዚያ ውፍረቱንና ድብርቱን ለይተው ሲያሰሉ ግን በብዙ ጥናቶች ልዩነቱ በጣም ይሳሳል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ቅድም «ቁጥሮቹ አያሙም» ያልኩት ለዚህ ነው። ለባለቤትዎ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ኤችዲኤል 36 እስኪስተካከል ዓመታት ሊወስድ ይችላል፣ እንቅልፍና ትንፋሽ ግን በሳምንታት ይለወጣሉ።

ምን ይደረግ? እንቅልፉ ይቅደም። በጀርባ መተኛት የአየር መንገዱን ይዘጋል፤ ካልሲ ጠቅልለው በአሮጌ ካናቴራ ጀርባ ላይ ይስፉላቸው፣ ሲገላበጡ ይቆረቁራቸውና በጎን ይተኛሉ። ይስቃሉ፣ ግን ይሠራል። ከመኝታ በፊት ባሉት ሰዓታት ቢራም አረቄም አይጠጣ፣ የእንቅልፍ ኪኒንም አይወሰድ፤ ሁሉም ጉሮሮን ያላላሉ። ልብ ይበሉ፣ መቆራረጡ ከባድ ከሆነ ይህ ብቻውን አይበቃም። በእንቅልፍ ጊዜ አየር የሚገፋ ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም፣ ግን ለሚያስፈልገው ሰው በጥቂት ቀናት ሰውነቱ ሲታደስ አይቻለሁ።

ክብደትን በተመለከተ «30 ኪሎ ቀንስ» ብሎ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው ትልቁ የአሜሪካ የስኳር መከላከል ጥናት የጠየቀው ከሰውነት ሰባት በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር፤ ወደ ስኳር በሽታ የሚያልፈው ሰው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒን ከተሰጣቸው መካከል ግን የቀነሰው በ31 በመቶ ነው። ለባለቤትዎ ሰባት በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ ተኩል ነው። ለዚህ ለየት ያለ ምግብ ማብሰል አያስፈልግም፤ ሁለት ድስት የሚጣድበት ቤት ውስጥ ምክሬ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ አላየሁም። መጀመሪያ የሚጠጣውን ይቁጠሩ። በቀን አራት ማኪያቶና ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ አሥራ ሁለት ማንኪያ ነው፤ ወደ 50 ግራም የሚጠጋ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ቀን ከፍተኛ ብሎ ከሚፈቅደው ጋር እኩል ገደማ። ለስላሳው አልተቆጠረም። በየሳምንቱ ከየስኒው ግማሽ ማንኪያ ቢቀነስ ምላስ ሳያውቅ ይለምዳል። ትራይግሊሰራይድ ከሁሉም ቀድሞ የሚወርደው ስኳርና መጠጥ ሲቀነስ ነው።

«ጤፍ ስኳር የለውም» የሚባለውን እርሱት። ጤፍ ፋይበሩና ብረቱ መልካም ነው፤ እንጀራ ግን አብዛኛው ስታርች ነው፣ ሁለቱን ጠቅልሎ መብላትና አንዱን መብላት አንድ አይደለም። እንጀራው ይነስ፣ ምስሩና ጎመኑ ይብዛ። የሚጾሙ ከሆነ ጾሙ በራሱ አያከሳም፤ ዳቦ በማርማላታ፣ ፓስታ፣ በዘይት የተነከረ ሽሮ ሲበዛ በዓቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ውስጥ የሚወፍሩ ታካሚዎች አሉኝ።

ከምግቡ የሚከብደው ሰው ነው። «በሞቴ!» ተብሎ የቀረበን ጉርሻ እንዴት ይመልሳሉ? እንቢ ማለት ቅያሜ ነው። ስድስት ኪሎ ሲቀንሱ ደግሞ በሠፈሩ «ምነው ከሳህ፣ ደህና ነህ?» ይጀመራል። በዚህ ከተማ መክሳት የሕመም፣ ቦርጭ የድሎት ምልክት ሆኖ ስንት ዘመን ኖረናል። ከሰው ወሬ የተነሣ መልሰው የወፈሩ ታካሚዎች አሉኝ፣ እውነቴን ነው። ስለዚህ ቀድመው ይንገሩ፦ ለሁለት የቅርብ ጓደኛ፣ ለእናታቸው፣ «ሐኪም አዞኝ ነው» ብለው። የሐኪም ስም ቅያሜ ያበርዳል፤ የእኔን ይጠቀሙ ብል ደስ ባለኝ።

እንቅስቃሴው ላይ፣ ልብ ተመርምሮ ደህና ከተባለ በኋላ፣ ቅዳሜን መልሱላቸው። ቸርችል ጎዳናን መጀመሪያ ቁልቁል ይውረዱት። ፒያሳ በታክሲ ይወጡና ማኪያቶአቸውን ጠጥተው ከማዘጋጃ ቤቱ በጥቁር አንበሳ፣ በፖስታ ቤት አድርገው ወደ ላገሃር ይውረዱ። ወደ ላይ መውጣቱ ከወር ከሁለት ወር በኋላ፣ እስከ ፖስታ ቤት፣ ከዚያ ጥቁር አንበሳ፣ እያሉ። ደረጃው ላይ ደግሞ ማረፉን ይፍቀዱላቸው። «ሁለተኛ ፎቅ ላይ አብረን እንቆማለን» ይበሉና እርስዎም ይቁሙ፤ ስልክ ማውራት አያስፈልጋቸውም። እርስዎ ማታ ማታ ሳህን የሚቆጥሩ ዘብ ከሆኑ ግን ሁሉም ነገር ይበላሻል። ባል ቢሮ ሥር ካለው ኬክ ቤት ይበላል፣ ቤት መጥቶ ጎመን ያላምጣል።

ፍሪጁ ላይ ወረቀት ይለጥፉ። ክብደትም ግፊትም አይጻፍበት። ሦስት ነገር ብቻ፦ ደረጃውን ያለ ዕረፍት ስንተኛ ፎቅ ድረስ ወጡ፣ ጫማቸውን ትንፋሽ ሳያጥራቸው አሠሩ ወይ፣ ከምሳ በኋላ ሳይተኙ ዋሉ ወይ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ራሳቸው ይሙሉት። ወገቡን በዚያው ቀን ይለኩና ከጎኑ ያኑሩት።

ላቦራቶሪው በሦስት ወር ይደገም። ግፊቱን ቤት ውስጥ ሲለኩ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቡና ሳይጠጡ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ክንድ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ይሁን። 180/120 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አንድ ጎን ከደከመ፣ አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከተሳሰረ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ለቀጠሮው ደግሞ የአንገታቸውን ዙሪያ ይለኩ፤ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። ሲያንኮራፉም በስልክዎ ይቅረጹ፣ ዝምታውና ከዝምታው በኋላ ያለው ትንፋሽ እንዲገባበት። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ነግረዋቸው ይሁን ታዲያ፤ ሳይነግሩ ከቀረጹ ቀጠሮውም ይቀራል።